ኮርኒሱ ከመሸፈኑ በፊት



ቤት ሲሠራም ሆነ ሲታደስ አብዛኞቻችን የምንጨነቀው ለግድግዳውና ለወለሉ ነው። እንግዳ ሲገባ ዓይኑ የሚያርፈው በግድግዳው ላይ፣ እግሩ የሚረግጠውም ወለሉን ነውና። ኮርኒስ ግን የሚታወሰው ሲያፈስ፣ አይጥ ሲሯሯጥበት ወይም ከቡሃቃው ላይ ጉድፍ ሲያራግፍ ብቻ ነው። ሆኖም በቤታችን ካሉት ነገሮች ሁሉ ሌት ተቀን ከራሳችን በላይ ተንጠልጥሎ የሚውል የሚያድረው እርሱ ነው። ልጆቻችን ከሥሩ ይተኛሉ፤ እናቶቻችን ከሥሩ ይሰግዳሉ። ስለዚህ ከውስጡ ምን እንዳለ ማወቅ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብም ጉዳይ ነው።

ዛሬ በከተሞቻችን ያረጀውን የአቡጀዲ ወይም የችፑድ ኮርኒስ አውርዶ በጂፕሰም ቦርድ መተካት የተለመደ ሆኗል። ጂፕሰም የምንለው ያው ጀሶ ነው፤ በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል ተጋግሮ የደረቀ ጀሶ። ማዕድኑ በሀገራችንም በዓባይ ሸለቆና በሌሎችም ስፍራዎች ይገኛል። ለቤት ማስዋቢያነትም አዲስ አይደለም። በግራናዳ የሚገኘው የአልሐምራ ቤተ መንግሥት ጣሪያዎችና ግድግዳዎች እ.ኤ.አ. በ14ኛው መቶ ዘመን ያጌጡት በተቀረጸ ጀሶ ነው። በወረቀት ታቅፎ በሰሌዳ መልክ መሠራት የጀመረው ግን ኦገስቲን ሳኬት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ወዲህ ነው። ጀሶ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ የሚሆነው በውስጡ የታሰረ ውሃ ነው። እሳት ሲያገኘው ይህ ውሃ በእንፋሎት መልክ ስለሚወጣ የእሳቱን መዛመት ለጊዜው ያዘገያል። ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከላይ የሚያንጠባጥብ ውሃ ጠላቱ መሆኑና፣ ከሥሩ ያለው እንጨት ጠማማ ከሆነ ጠማማነቱን ሳይደብቅ የሚያሳይ መሆኑ ነው።

ይህንን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደሴ የሚገኘውን የእናቴን ቤት ኮርኒስ ስናድስ ያየሁት ነው። ቤቱ እኔ ከመወለዴ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በገዛ እጁ ያቆመው የጭቃ ቤት ነው። ወራጁም ወጋግራውም ባሕር ዛፍ ነው። የችፑዱ ኮርኒስ ሆዱን ነፍቶ ወደ ታች ወርዶ ነበር፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥርም አቧራ ያራግፋል። እናቴ በተለይ በክረምት ደረቷ ስለሚያፍናት ሐኪሟ ከአቧራ እንድትርቅ መክሯት ነበር። በጅዳ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ወጪውን ልካ፣ ለዐረፋ እረፍት ስትመጣ ሥራው አልቆ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችን። «ወንድምዓለም፣ አሮጌውን እንጨት ሁሉ ነቃቅላችሁ ጣሉትና በአዲስ ይሠራ» ነበር ያለችው።

እናቴ ይህንን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ። «ችፑዱን አውርዱ፤ እሺ። እንጨቱን ግን አባትህ ትከሻው እስኪላጥ ከተራራ ያወረደው ነው። እኔ በሕይወት እያለሁ አይነካም» አለች። እንግዲህ በአንድ በኩል የእናት ልብ፣ በሌላ በኩል የእህት ገንዘብና ፍላጎት ቆሙ። በመካከሉም ጠማማ እንጨት አለ።

ባሕር ዛፍ ለምን ይጠማል? ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠውና የሚሠራበት እርጥብ ሳለ ነው። ቤቱ ላይ ሆኖ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይጠመዘዛል። በዚያ ላይ ግንዱ ከሥሩ ወፍራም፣ ከጫፉ ቀጭን ስለሆነ፣ ሁለት እንጨቶች ጎን ለጎን ሲጋደሙ ከሥራቸው አንድ ልክ አይኖራቸውም። ዓመታት ሲያልፉም የራሱ ክብደትና የተሸከመው ነገር መሐሉን ያጎብጠዋል። በችፑድ ጊዜ ይህ ብዙም አያስቸግርም ነበር። ችፑድ ይተጣጠፋል፤ መጋጠሚያውም በቀጭን ጣውላ ስለሚሸፈን ዓይን ይታለላል። ጂፕሰም ግን መጋጠሚያው በወረቀት ጥብጣብና በስቱኮ ተለስኖ አንድ ወጥ ገጽ ስለሚሆን፣ ጠዋት ከመስኮት አግድም የሚገባው የፀሐይ ብርሃን እያንዳንዱን እብጠትና ጉድጓድ በጥላ ይጽፈዋል። በግድ ጠማማው ላይ ከታሰረም ሰሌዳው ወይ ይሰነጠቃል፣ ወይ ብሎኑ ወረቀቱን በስቶ ያልፋል።

በመጀመሪያ ያነጋገርነው ሠራተኛ ሥራውን በ3 ቀን እንደሚጨርስ ነገረን። ጂፕሰሙን በቀጥታ በእንጨቱ ላይ መምታት፣ ክፍተት ባለበት የጣውላ ስባሪና የካርቶን ቁራጭ መወተፍ ነበር ሐሳቡ። «አንዴ ከተሸፈነ በኋላ ማን ያየዋል?» አለ። ዋጋው ርካሽ ነበር፤ ጊዜውም ለዐረፋ ይደርሳል። ይሁን እንጂ «ማን ያየዋል» የሚለው ቃል ለእናቴ አልተዋጠላትም። «ሰው ባያየው እኔ እተኛበት የለም እንዴ?» ብላ አሰናበተችው።

ሁለተኛው አናጢ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው ናቸው። ገና እንደገቡ ስለ ዋጋ አላወሩም። ችፑዱ ወርዶ አቧራው እስኪጠረግ ጠበቁና፣ ከቦርሳቸው ከ10 ሜትር የማያንስ ውሃ የሚያሳይ ቀጭን ጎማ አወጡ። ጎማውን ውሃ ሞልተው፣ በውስጡ የቀረ የአየር ፊኛ አለመኖሩን በብርሃን ላይ ዘርግተው አዩ። ከዚያም አንዱን ጫፍ ለእኔ ሰጥተው፣ ሌላውን ይዘው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን እየተዘዋወሩ ውሃው የሚያርፍበትን ቦታ በግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረጉ።

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በተገናኙ ዕቃዎች ውስጥ ያለ ውሃ፣ ዕቃዎቹ የቱንም ያህል ቢራራቁ፣ በአንድ ልክ እንደሚቆም በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ምክንያቱም አንዱ ወገን ከፍ ቢል ክብደቱ ሌላውን ገፍቶ እስኪተካከሉ ድረስ ውሃው አያርፍም። የእኛ ቋንቋ ይህንን በሁለት ቃላት ይዞታል፤ ውሃ ልክ። እ.ኤ.አ. በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኖረው የሒሳብ ሊቅ አል ከረጂም የተሰወሩ የምድር ውሃዎችን ስለማውጣት በጻፈው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ልክ መለኪያ መሣሪያዎች አብራርቷል። ከመሬት በታች ለረዥም ርቀት የሚጓዝ ቦይ ሲቆፈር ትንሽ የልክ ስህተት ውሃውን ስለሚያስቀረው ነው። አናጢው አል ከረጂን አላነበቡም፤ ግን ያንኑ እውቀት በእጃቸው ይዘውታል።

«ጋሼ፣ ወለሉን ተመርኩዘን ብንለካስ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «መምህር፣ ወለሉም እኮ ሰው የሠራው ነው። ውሃውን ግን ማንም አልሠራውም» አሉኝ።

በግድግዳው ዙሪያ ምልክቱ ከተሠራ በኋላ በምልክቶቹ መካከል ሲባጎ ወጠሩ። ከሲባጎው ተነሥተው ወደ ላይ እስከ እያንዳንዱ ወራጅ ሥር ያለውን ርቀት በየግማሽ ሜትሩ ለኩ፤ እኔም በደብተር ጻፍኩ። ክፍሉ 4 በ5 ሜትር ነው። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ወራጆች በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ከ4 ሳንቲ ሜትር የበለጠ ልዩነት አልነበራቸውም። አንዱ ግን ከከፍተኛው በ7 ሳንቲ ሜትር ወርዶ ተገኘ። የሚገኘውም ከእናቴ አልጋ በላይ ነው።

አናጢው ደብተሩን ደጋግመው ተመለከቱ። «ሌሎቹ አርጅተው ነው የጎበጡት። ይኼኛው ግን ሌላ ነገር አለበት» አሉና መሰላሉን አቁመው ወጡ። ወስፌ ይዘው ሌሎቹን ሲወጉ ጫፉ ብቻ ገባ፤ እንጨቱ ደረቅና ጠንካራ ነበር። ያንን ሲወጉት ግን ወስፌው እስከ እጀታው ሰመጠ። ከውጭ ቅርፊቱ ደህና የሚመስለውን እንጨት ምስጥ ከውስጥ ጨርሶታል። ከበላዩ ያለው ቆርቆሮም ሚስማሩ ዝጎ ውሃ ያስገባ ስለነበር እርጥበቱ ምስጡን ጋብዞታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ለኮርኒስ የተመረጠው 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጂፕሰም በአንድ ካሬ ሜትር ከ8 እስከ 9 ኪሎ ይመዝናል። ለ20 ካሬ ሜትር ክፍል አንድ ኩንታል ከሰባ ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ብረቱና ስቱኮው ሳይቆጠር። ያ የጣውላ ስባሪ ተወትፎበት፣ በላዩ ነጭ ቀለም ተቀብቶ፣ ይህ ሁሉ ክብደት በተበላው እንጨት ላይ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ እናቴ ከሥሩ ትተኛ ነበር። ልክ መውሰድ ለውበት ብቻ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ነገር ግን ከልኩ የወጣ ነገር ብዙ ጊዜ የሚናገረው አለው።

ከሁሉ የከበደው ለእናቴ መንገሩ ነበር። ሰምታ ዝም አለች። ከዚያም መሰላሉን እንድንይዝላት ጠየቀችና፣ እኔ እየተንቀጠቀጥኩ ደግፌያት ሁለት እርከን ወጣች። ጣቷን በእንጨቱ ውስጥ ስታስገባ ዱቄት ሆኖ እጇ ላይ ፈሰሰ። ለጥቂት ጊዜ ዱቄቱን እያየች ቆየች። «አባትህ ቢኖር መጀመሪያ የሚያወርደው እርሱ ነበር። ይውረድ። ጤነኞቹን ግን አደራ» አለች። በእኔ በኩል ያስጨነቀኝን ነገር በአንድ ቃል ገላገለችኝ።

በመሆኑም ሥራው በዚህ ቅደም ተከተል ሄደ። በመጀመሪያ ቆርቆሮው ተጠግኖ ሚስማሮቹ ተለወጡ፤ ጣሪያው ሳይደርቅ ጂፕሰም መስቀል ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነውና። ቀጥሎ የተበላው ወራጅ ወርዶ በደረቀ እንጨት ተተካ። አሮጌው የመብራት ገመድም ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው ተቋርጦ በአዲስ ተለወጠና፣ ብሎን እንዳያገኘው በቱቦ ውስጥ ገብቶ ከፍ ብሎ ታሰረ።

ከዚያ በኋላ ጠማማውን ማቃናት መጣ። ዘዴው እንጨቱን ማቃናት አይደለም፤ ከ30 ዓመት በላይ የኖረበትን ጉብጠት እንጨት አይተውም። ዘዴው ጠማማው ጠማማ እንደሆነ በቦታው ይቆይና፣ ቀጥ ያለ ነገር ከጎኑ ማቆም ነው። ለዚህም ሠራተኞች ፕሮፋይል የሚሉት፣ ዝገት እንዳይዘው ዚንክ የተቀባ ቀጭን የላሜራ ብረት ይውላል። ይህ ብረት ቀላል ነው፤ እንደ እንጨት እርጥበት ሲመጣ አያብጥም፣ ሲደርቅ አይጠመዘዝም። ጠርዙ ግን እንደ ምላጭ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም።

የኮርኒሱ ልክ የሚወሰደው ከዝቅተኛው ወራጅ ነው። የወረደውን ወደ ላይ መግፋት ስለማይቻል ሌሎቹ ወደ እርሱ ይወርዳሉ። ተበላ የተባለው እንጨት ከተለወጠ በኋላ ያጣነው ከፍታ 7 መሆኑ ቀርቶ 4 ሳንቲ ሜትርና የብረቱ ውፍረት ብቻ ሆነ። አናጢው ቀለም የተነከረ ክር ወጥረው በግድግዳው ዙሪያ መስመር አተሙ። በመስመሩ ላይ ባለ ዩ ቅርጹ ብረት ታሰረ። ጭቃ ግድግዳ ላይ ፊሸር አይያዝም፤ ስለዚህ ግድግዳውን እያንኳኩ ከውስጥ ያለውን ወጋግራ በድምፁ ፈልገው በረዥም ብሎን ከእንጨቱ ጋር አያያዙት።

ቀጥሎም ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲባጎ ተወጠረ። በእያንዳንዱ ወራጅ ጎን ረዥም ብረት ቆመ። የክቡ እንጨት ጎን ብረቱን ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲቀበል በመጥረቢያ ጠረብ ጠረብ ተደረገ። ብረቱ በአንድ ብሎን ከተያዘ በኋላ ከፍና ዝቅ እየተደረገ፣ የታችኛው ጠርዙ ሲባጎውን ሊነካ ለጥቂት ሲቀረው በቀሩት ብሎኖች ይጠብቃል። ሲባጎውን ከነካው ስለሚገፋው ልኩ ይሳሳታል። እንጨቱ ወደ ላይ በጎበጠበት ብረቱ ወደ ታች ይረዝማል፤ ወደ ታች በጎበጠበት ወደ ላይ ይሸሸጋል። ከሥር ሲታይ ግን አንድ መስመር ነው። የወራጆቹ መራራቅ ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ይደርስ ስለነበርና ጂፕሰሙ ቀረብ ያለ ድጋፍ ስለሚፈልግ፣ ከእነዚህ ብረቶች ሥር ሌላ ብረት አግድም በየ40 ሳንቲ ሜትሩ ተመታ።

መድረሳ ሳለን ሶፍ ስንሠራ ኡስታዛችን መጨረሻ ላይ ቆመው በአንድ ዓይናቸው ያዩን ነበር። ረዥሙንም አጭሩንም፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም ልጅ አንድ አያደርጉትም፤ ሁሉም እንደ ተፈጥሮው ሆኖ ተረከዙ ግን በአንድ መስመር እንዲውል ያደርጋሉ። ያንን ርብራብ ከሥር ቆሜ ስመለከት ያ ትዝ አለኝ። የአባቴ እንጨቶች እያንዳንዳቸው እንደ ጎበጡ ናቸው፤ ሶፉ ግን ተስተካክሏል።

ሰሌዳዎቹ 1.20 በ2.40 ሜትር ናቸው። የአንዱ ክብደት ወደ 25 ኪሎ ስለሚጠጋ ሁለት ሰው ሲያነሣ ሦስተኛው በቲ ቅርጽ በተሠራ እንጨት ከሥር ይደግፋል። የሰሌዳው ርዝመት ከአግድሙ ብረት ጋር ተሻጋሪ ሆኖ፣ አጫጭር መጋጠሚያዎቹ እንደ ጡብ እየተዛነፉ ተሰቀሉ፤ በአንድ መስመር ከተገጣጠሙ ስንጥቁ ያንን መስመር ተከትሎ ይሄዳልና። የብሎኑ አናት ከወረቀቱ ጥቂት ገባ ይላል እንጂ ወረቀቱን አይቀድም፤ ሰሌዳውን የሚይዘው ወረቀቱ ነው።

ቆርቆሮውና ወራጁ ጊዜ ስለወሰዱ ሥራው ለዐረፋ አልደረሰም። ሰኔ 9 ቀን እንግዶቻችንን የተቀበልነው መጋጠሚያው ገና አንድ ጊዜ ብቻ በተለሰነ፣ ቀለም ባልነካው ኮርኒስ ሥር ነበር። ስቱኮው ሦስት ጊዜ ይቀባል፤ እያንዳንዱም ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም። እህቴ ገብታ ቀና ስትል «ይኼ ስፌቱ የሚታይ ልብስ አይደለም እንዴ?» ብላ ቅር አላት። ምንም አልመለስኩላትም። እናቴ ግን እጇን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት። የተበላው እንጨት በሁለት ተከፍሎ ነበር። ጤነኛው ግማሽ የዶሮ ቤቱ ምሰሶ ሆኖ ቆሟል፤ የተበላው ግማሽ ግን ለምድጃ ተቀምጦ ነበር። እህቴ በእጇ ጨበጥ ስታደርገው ፈረሰ። ወደ ቤት ስትመለስ ስለ ስፌቱ አላነሣችም፤ የእናቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ለረዥም ጊዜ ወደ ላይ ስታይ ቆየች።

ውድ አንባብያን! ቤታችሁን ልታሳድሱ ካሰባችሁ ከዚህ የምመክራችሁ ጥቂት ነገር ነው። ኮርኒሱ ከመዘጋቱ በፊት ቤተሰቡ ሁሉ ይግባና ቀና ብሎ ይመልከት። ጣሪያው ማፍሰሱን ማቆሙን፣ እያንዳንዱ እንጨት በወስፌ መፈተሹን፣ ገመዱ በቱቦ ውስጥ መሆኑን፣ ልኩም በውሃ መወሰዱን ጠይቁ። ብረቱና ገመዱ የት የት እንዳለፈ በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ አስቀምጡ፤ ነገ መብራት ለመስቀል ስትበሱ ይጠቅማችኋል። ሠራተኛው ጥያቄያችሁን በደስታ ከመለሰ መልካም ነው። «ማን ያየዋል» ካለ ግን ሌላ ፈልጉ።

እናቴ በመጨረሻ አንድ ነገር ጠይቃ ነበር፤ ኮርኒሱ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ። አናጢው በማዕዘኑ በኩል ሰው ራሱንና ትከሻውን የሚያስገባባት፣ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነች ክዳን ሠሩላት። ክረምት በወጣ ቁጥር የልጅ ልጇን ባትሪ አስይዛ በመሰላል ትልከዋለች። እርሷ ከሥር ቆማ «የአያትህ እንጨት እንዴት ነው?» ትለዋለች። እርሱም ወስፌውን እየወጋ አንድ በአንድ ይቆጥርላታል።